እየወረደ ያለ ክለብ አሰልጣኝ እንዴት ይምረጥ?

ደሴ ፒያሳ ጀበና ቡና ጋ ተቀምጣችሁ «ቡድናችን አራተኛ ጨዋታውን ተሸነፈ» በሉ። አቦሉ ሳይቀዳ አሰልጣኙ ይባረራል። ቶናው ላይ ምትኩ ይቀጠራል። በረካው ላይ ደግሞ «እሱም አይሆንም» የሚል አይጠፋም። ለጨዋታ ያምራል። ጉዱ የሚመጣው የክለብ ቦርድም እንደዚሁ ሲያደርግ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአካባቢያችን ካሉ ክለቦች በአንዱ አሰልጣኝ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ስብሰባው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አንዱ «የማውቀው ሰው አለ፣ ጎበዝ ነው» ብሎ ስልኩን አወጣ። ደወለ፤ ተስማማን። ሰውየው እውነትም ጎበዝ ነበር። ግን የሚያውቀው ኳስ መሥርቶ መጫወትን ነው። እኛ ያለን ደግሞ ረጃጅም ተከላካዮችና ሯጭ አጥቂዎች ነበሩ። አስር ጨዋታ ሳንደፍን ተለያየን። የቀረውን የውል ደሞዝ ላልተሠራበት ከፈልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነብን።

በሁለተኛው ጊዜ ግን እንደሚከተለው ሄድን።

1. ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሕመሙን ለዩ

አንድ ደብተር ግዙ። ያለፉትን አስር ጨዋታዎች ቪዲዮ ሰብስቡ። የተቆጠረባችሁን እያንዳንዱን ጎል ጻፉ፦ በስንተኛው ደቂቃ፣ ከምን ተነስቶ፣ በየት በኩል። ግማሹ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት ከሆነ የጎደላችሁ የቆመ ኳስ ልምምድ ነው፤ ይህን አሁን ያለው ሰውም ሊያስተካክለው ይችላል። ጎሉ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሚበዛ ከሆነ የአካል ብቃቱን፣ ካምፕ ውስጥ የሚበላውን፣ የጉዞውን ድካም ተመልከቱ። ደሞዝ ሦስት ወር ካልተከፈለ ደግሞ ደብተሩን ዝጉት። መጀመሪያ ክፈሉ።

ቀጥሎ ንጹህ የጎል ዕድሎችን ቁጠሩ፤ የእናንተንም የተጋጣሚንም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሊቨርፑል ደጋፊ ቶሎ ይገባዋል። አሰልጣኙ ዩርገን ክሎፕ በጀርመኑ ዶርትሙንድ በቆየበት የመጨረሻ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2014/15፣ ቡድኑ መሀል ላይ የሊጉ ግርጌ ድረስ ወርዶ ነበር። 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ነጥቡን ብቻ ላየ ሰው ያለቀለት አሰልጣኝ ነው። የሊቨርፑል የመረጃ ባለሙያዎች ግን የጎል ዕድሎቹን ሲቆጥሩ ቡድኑ ከነጥቡ የተሻለ እንደነበር፣ የከዳው ዕድሉ እንደሆነ አዩ። በዚያው 2015 ቀጠሩት። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግን፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግን በላ። እኛ የእነሱ ዓይነት ኮምፒውተር የለንም። ኳስ የሚገባቸው ሁለት ልጆችና ደብተር ግን አሉን።

ሌላም ወጥመድ አለ። አሰልጣኝ የሚባረረው ብዙውን ጊዜ ቡድኑ በጣም በወደቀበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ አሰልጣኙ ቢቀየርም ባይቀየርም ውጤቱ ትንሽ ቀና ማለቱ የተለመደ ነው። በኔዘርላንድስ ሊግ ያባረሩና ያላባረሩ ክለቦችን ያነጻጸሩ አጥኚዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጊዜያዊው አሰልጣኝ ሁለት ጨዋታ አሸነፈ ብላችሁ የሦስት ዓመት ውል አታስፈርሙት።

2. መራጩ ማነው?

ሦስት ሰው ይበቃል። ሥራ አስኪያጁ፣ ኳስ በደንብ የተጫወተ ወይም ያሠለጠነ አንድ ሰው፣ የክለቡን ኪስ የሚያውቅ አንድ ሰው። ደላላ በሩ ላይ ይቅር። «አሰልጣኙ ከነስምንት ተጫዋቹ ነው የሚመጣው» ከተባላችሁ የምትፈርሙት ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከገበያው ጋር ነው።

3. የምትፈልጉትን በአንድ ገጽ ጻፉ

የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ተነስቶ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ ፕሮ ድረስ ይወጣል። ሊጋችሁ የትኛውን እንደሚጠይቅ ደንቡን አንብቡ። ዋናውን ወረቀት በዓይናችሁ እዩ፤ ፎቶ ኮፒ ማንም ያመጣል።

ከዚያ የሚበልጠው የአጨዋወቱ ሁኔታ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ተካሂዷል፤ ከሥሩ ያለው ከፍተኛ ሊግም እንዲሁ ሲደረግ አይተናል። እንዲህ ሲሆን ሆጤ ስታዲየምን ሞልቶ በጩኸት የሚያግዛችሁ ደጋፊ የለም። ቡድኑ ሆቴል ውስጥ ሳምንታት ይከርማል፣ በየጥቂት ቀኑ ይጫወታል። ሃያ ምናምን ጎረምሳ ከቤተሰቡ ርቆ አንድ ኮሪደር ላይ ሲሰነብት ማን ያረጋጋዋል? እኔ ይህን ከታክቲክ እኩል እመዝነዋለሁ።

አየሩንም አትርሱ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ነው። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ግድም፣ ያውም በዚያ ሙቀት። የጦሳ ተራራን ብርድ ለምዶ ድሬ ላይ ከሰዓት የሚጫወት ቡድን እንዴት ይዘጋጃል? ጥያቄው ገጹ ላይ ይግባ።

4. ከስሙ ይልቅ እጁን እዩ

አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌን ውሰዱ። በ2010 ዓ.ም. ገና ከከፍተኛ ሊግ የመጣውን ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በ2011 ደግሞ መቐለ 70 እንደርታን። ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሰው። ዕጩ ስታጣሩ የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ቦታ ሲቀይር ሥራው አብሮት ይሄዳል ወይ? ትልቅ በጀት ይዞ አንድ ጊዜ ዋንጫ ያነሳ ሰው በእናንተ በጀት ምን እንደሚሠራ ገና አላሳየም።

5. አውሩ ሳይሆን አሳዩ በሉት

ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም ሰው «ሞራል እገነባለሁ» ይላል። እኛ ለዕጩዎቹ የተሸነፍንበትን አንድ ጨዋታ ቪዲዮ ሰጠን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አስረዱን አልን። አንዱ ስለ ዳኛው አወራ። ሌላው 31ኛው ደቂቃ ላይ አስቆመው። የግራ ተከላካያችን የእጅ ውርወራ ሊወረውር ኳሱን ይዞ ቆሟል፤ የሚቀበለው የለም። «ይሄ ልጅ ስንት ጊዜ እንዲህ ይቆማል?» አለን። ማናችንም አላየነውም ነበር። ሰባት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ አለ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለወሎ ቡድን ግድ ነው። ግማሹ ልጅ ረመዳንን፣ ግማሹ ሁዳዴን ይጾማል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ልምምዱን በስንት ሰዓት ታደርገዋለህ? ያ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ ያለው ሰውዬ ከመግሪብ በፊት ቀለል ያለ የኳስ ሥራ፣ ከባዱን ከአፍጥር በኋላ አለ። አስቦበታል። አንዱ ግን «ጾም የግል ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው።

6. ወጌሻውን ጠይቁ

የቀድሞ ክለቡ ፕሬዚዳንት ወይ ያወድሰዋል ወይ ይረግመዋል፤ ሁለቱም አይጠቅማችሁም። ወጌሻውና ትጥቅ ያዡ ጋ ደውሉ። ከሽንፈት ማግስት ምን ይመስላል? የተጎዳ ልጅ አስገድዶ ያሰልፋል? ተቀያሪዎቹ ስለሱ ምን ይላሉ? እነሱ ጋ ውሸት የለም።

7. ውሉ

ግቡ በቁጥር ይጻፍ፤ «ውጤታማ መሆን» አይደለም ግብ። ብትለያዩ ማን ስንት እንደሚከፍልም ከአሁኑ ይቀመጥ። ለአሰልጣኝ እንዲከፍል ተወስኖበት ያልከፈለ ክለብ ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ሲታገድ አይተናል።

ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ወሰደብን። ፒያሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ይዘውኝ «ልጄ፣ ሙሽራም እንዲህ አይመረጥም!» አሉኝ። «አብሽሩ አባባ» አልኳቸው።

ያ የወጥ ቤቱ ሰውዬ ውሉን ሲያነብ ቆይቶ አንድ አንቀጽ ላይ ተመለሰ። ማንኛውም የቦርድ አባል በአሰላለፍ ጉዳይ ለአሰልጣኙ ስልክ አይደውልም ይላል። ሁለቴ አነበበው።

«ይቺን ማነው ያስገባት?» አለ።

ሦስታችንም ተያየን። ሳቀና እስክሪብቶ ለመነ።