«የበርን ተዓምር»ን ከልጆቻችሁ ጋር ለማየት ካሰባችሁ

በመጀመሪያ፣ የኳስ ፊልም ነው ብላችሁ አትክፈቱት። ኳስ አለ፣ ያውም የ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ታሪኩ ግን ከምርኮ ስለተመለሰ አባትና አባቱን አይቶ ስለማያውቅ ልጅ ነው። ጎል እየጠበቀ የተቀመጠ ሰው ግማሹ ላይ ስልኩን ያወጣል።

ፊልሙን በ2003 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ዞንከ ቮርትማን ነው፤ ራሱም ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት ኳስ ይጫወት ነበር። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልጆች ካሉ በጊዜ ጀምሩት። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተቀዳበትን ተዉት፤ በጀርመንኛው ከነሰብታይትሉ እዩት።

ከመክፈታችሁ በፊት ዘመኑን በአጭሩ ንገሯቸው። ቦታው ኤሰን ነው፣ በምዕራብ ጀርመን የሩር አካባቢ ያለች ከሰል አምራች ከተማ። ጦርነቱ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላለች፣ ብዙ ጀርመናውያን ወታደሮች ግን ገና ሶቭየት ኅብረት ምርኮ ላይ ናቸው። የመጨረሻዎቹ የተለቀቁት ቻንስለር አደናወር በ1955 ሞስኮ ሄዶ ከተደራደረ በኋላ ነው። አባት በሌለበት ቤቱን ያቆሙት እናቶች ናቸው። የፊልሙ ልጅ የማቲያስ እናትም መጠጥ ቤት ይዛ ልጆቿን ታሳድጋለች። አንድ ነገር ግን ሳትደብቁ ንገሯቸው፦ ሶቭየት ኅብረትን የወረረው የጀርመን ጦር ነው፤ ይህ አባትም የዚያ ጦር ወታደር ነበር። ፊልሙ በዚህ ላይ ብዙ አይልም። ማስረዳቱ የእናንተ ሥራ ነው።

አባት የሌለው ማቲያስ ልቡን የሰጠው ለሄልሙት ራን ነው። ራን የከተማው ክለብ የሮት ቫይስ ኤሰን የክንፍ ተጫዋች ነው፤ ማቲያስ ቦርሳውን ይሸከምለታል፣ በቃ ለእሱ ሁሉ ነገሩ እሱ ነው። አባቱ ሪቻርድ ሲመለስ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል።

ባቡር ጣቢያው ላይ ስልካችሁን አስቀምጡ። ሪቻርድ ከባቡር ወርዶ ሚስቴ ናት ብሎ የሚያቅፈው ሴት ልጁን ነው። ሚስቱ እዚያው አጠገቡ ቆማለች። እሱ በልቡ ይዞ የኖረው የድሮ መልኳን ነው፤ ልጅቷ ደግሞ እሱ በሌለበት አድጋ እናቷን መስላለች። ስንት ዓመት እንደጠፋ በዚያች ቅጽበት ይገባችኋል። ለእኔ ከፍጻሜው ጨዋታ የሚበልጠው ይህ ነው።

ትንንሽ ልጆች ካሉ ስለ ጥንቸሎቹ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። አባትየው ለሚስቱ ልደት ድግስ ብሎ ማቲያስ የሚያሳድጋቸውን ጥንቸሎች ያርዳል። የሚያለቅስ ልጅ ይኖራል፣ ፊልሙን አቁማችሁ አውሩ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ረሃብን ያየ ሰው ነው፣ ሥጋ ማቅረብ ለእሱ ፍቅር ነው፣ ልጁ ጓደኞቹን እንዳጣ ግን አይታየውም። ከዚያ በኋላ ልቅሶን በተመለከተ ልጁን የሚናገረውን ልብ በሉ፤ መጨረሻ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

የሙኒኩ ጋዜጠኛና ሚስቱ ያሉባቸው ክፍሎች ቀለል ያሉ ናቸው፣ ሻይ ማፍላት ካለባችሁ ያኔ ተነሱ። የማቲያስን ታላቅ ወንድም ብሩኖን ግን አትለፉት፤ በአባቱ ትውልድ የተናደደ ወጣት ነው፣ ፊልሙም ከሰጠው በላይ ጊዜ ይገባው ነበር።

አሁን ወደ ኳሱ። ሀንጋሪ ያኔ ማን እንደነበረች ካልታወቀ ፍጻሜው አይጥምም። ከ1950 ጀምሮ ያልተሸነፈች፣ የ1952 የኦሎምፒክ ሻምፒዮን፣ በ1953 እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 6 ለ 3 የረታች ቡድን ናት። እዚያው ውድድር ላይ በምድብ ጨዋታ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 ቀጥታታለች፤ እርግጥ የጀርመኑ አሰልጣኝ ዜፕ ሄርበርገር ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ነበር። ፍጻሜው የተካሄደው ጁላይ 4 በስዊዘርላንዷ በርን ውስጥ በቫንክዶርፍ ስታዲየም ነው፤ ሀንጋሪ በስምንት ደቂቃ 2 ለ 0 መራች። በ18ኛው ደቂቃ ጀርመን አቻ ሆነች። ዝናቡንም ተመልከቱ። የጀርመን አምበል ፍሪትስ ቫልተር በዝናብ ይበልጥ እንደሚጫወት ይታወቅ ነበር፤ ጫማ ሠሪው አዲ ዳስለር ደግሞ ጥርሱ በብሎን የሚቀያየር ታኬታ አዘጋጅቶላቸዋል። በጭቃ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሪቻርድንና ማቲያስን የሠሩት ፒተር ሎማየርና ሉዊስ ክላምሮት በእውነትም አባትና ልጅ ናቸው። ይህን ለልጆቹ ፊልሙ ሲያልቅ ንገሯቸው፣ ቀድሞ ከታወቀ መራራቃቸው አይታመንም።

ካለቀ በኋላ ደግሞ ፍጻሜውን በሬዲዮ ያስተላለፈውን የሄርበርት ሲመርማንን እውነተኛ ቅጂ ፈልጋችሁ አሰሟቸው፤ በኢንተርኔት ይገኛል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር አብዛኛው ጀርመናዊ ጨዋታውን የተከታተለው በሬዲዮ ነው። 84ኛው ደቂቃ ላይ ራን ከሳጥኑ ጫፍ በግራ እግሩ ሲመታ ሲመርማን «ቶር!» እያለ ይጮኻል፣ ጎል ማለቱ ነው። ጀርመንኛ ባትችሉም ትሰሙታላችሁ።