የጣናን ዳርቻ በዝግታ ለመዞር፦ ለሦስት ቀን እንግዳ የሚሆን መመሪያ

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ዕቅድ ይዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ሞተር ጀልባ ተከራይቶ ሦስት አራት ገዳማትን ያያል፣ በማግሥቱ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደርሶ ይመለሳል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። እኔም ሐይቁን መጀመሪያ ያየሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ከዚያ ቀን በአእምሮዬ የቀረው የሞተሩ ድምፅና በየገዳሙ በር ጫማ የማውለቅና የማጥለቅ ጥድፊያ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በተመላለስሁ ቁጥር በአንድ ቀን ከአንድ ዳርቻ በላይ ላለማየት ወስኛለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ይህን አካሄድ ለመከተል ለሚፈልግ ተጓዥ የሚጠቅመውን ነው።

አስቀድሞ የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ይሁን እንጂ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ የዋለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታ ሞገድ ያነሣል፤ ስለዚህ የውሃ ጉዞን ሁሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያድርጉት፣ ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ለእግር መንገድ ያቆዩት። ጀልባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ አለ መባሉ ብቻ አይበቃም፣ አውጥተው እንዲያለብሱዎት ይጠይቁ።

ወቅቱን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ሐይቁ ከክረምቱ ዝናብ ሞልቶ እስከ ዛፎቹ ሥር ይደርሳል፣ ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል፣ ጢስ ዓባይም ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ውሃ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ለወፍ ተመልካችና ለቡና ወዳጅ ይስማማሉ። በግንቦት ግን ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ ጭቃው ይገለጣል፣ ሙቀቱም ይከብዳል። ከሁሉ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የየብሱም የውሃውም ጉዞ የሚቋረጥባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ ከመነሣትዎ በፊት በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ሰው ማማከር ይገባል።

የመጀመሪያውን ቀን ለከተማው ዳርቻ ይስጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥተው ውሃውን ተከትለው በእግር ይሂዱ። በዘንባባ የተሰለፉትን የከተማውን ጎዳናዎች ሁሉም ያደንቃቸዋል፤ እኔ ግን የባሕር ዳርን ውበት የማየው ከጎዳናው ኋላ፣ ዋርካዎቹ ሥራቸውን ወደ ውሃው በሰደዱበት ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል እንጨት የጫኑ፣ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የተሠሩ ታንኳዎች ሲመጡ ይታያሉ። ታንኳው ከሩቅ ሲታይ የእንጨት ክምር ብቻውን በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል፣ ቀዛፊው የሚለየው ከቀረበ በኋላ ነው። አርጃኖ የሚባለው ትልቅ የውሃ ዳር እንሽላሊት ፀሐይ ሊሞቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ቆመው ካዩት እርሱ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ይገባል።

ዓሣ የሚወርድበት ዳርቻ ሲደርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ዓሣ አጥማጆቹን ሰላምታ ሰጥቶ፣ እንደምን አደራችሁ ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ነገር ያሳዩታል። ቅርፊታሙና ጠፍጣፋው ቀረሶ ነው፤ ቆዳው ለስላሳ፣ ከአፉ ዙሪያ ጢም የመሰለ ነገር ያለው አምባዛ ነው። ከእነዚህ ሌላ፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ላቢዮባርበስ የሚሏቸው ዓሦች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል አሥራ አምስት ያህሉ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። ለዚህ ትልቅ ምክንያት የሆነው ጢስ ዓባይ ነው፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረውን ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ሊወጣው ስለማይችል፣ የሐይቁ ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ተለያይተው ኖረዋል። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ሌላው ሌሎች ዓሦችን ለማሳደድ የሾለ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ይህ እኔ በጣና ዳርቻ ካገኘኋቸው ትንንሽ ግኝቶች ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው፣ ክፍያም አይጠይቅም። ብዙዎቹ እነዚህ ዓሦች ዕንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራና ርብን ወደመሳሰሉ ወንዞች ስለሚወጡና በመንገድ ላይ በመረብ ስለሚታፈሱ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው፤ ስለዚህ በክረምት ለሚመጣ ሰው ምሳውን ከቀረሶ እንዲያዝ እመክራለሁ።

ውሃው ቢያምርዎትም እግርዎን አይንከሩ። ዝቅ ባለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ በሽታው በቆዳ በኩል የሚገባ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ መቆምም አደጋ አለው። ለምሽት ደግሞ እጅጌ ረጅም ልብስ ይያዙ፣ አልጋ ሲይዙም አጎበር ይጠይቁ፤ ወባ በአካባቢው አለና።

ሁለተኛው ቀን የዘጌ ነው፣ ለዘጌም ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀልባ ከተሳፈሩ እንደ ሞተሩ አቅም አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ፣ በተለይም ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅዎት ተነጋገሩበት፤ ባለጀልባዎች የለመዱት ከገዳም ገዳም የሚሮጥ እንግዳ ስለሆነ፣ እስከ ቀትር እዚያው እንደሚቆዩ ካልነገሯቸው ከወደብ ሆነው ይጣራሉ። ዝርዝር ብር ይያዙ፤ እያንዳንዱ ገዳም የራሱ የመግቢያ ክፍያ አለው።

ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው አቀበት ጠባብና ጥላማ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ሥር የበቀለ ስለሆነ ማሳ ሳይሆን ጫካ ነው የሚመስለው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት የገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ወደ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተለውጦ በቅሎላቸዋል። ትውፊቱን ያልተቀበለ ሰው እንኳ ውጤቱን ማየት ይችላል፤ ማረሻ ያልነካው ደን በጣና ዙሪያ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ሆኖ ቆሟል። በመንገዱ ላይ ጦጣዎች አሉና ምግብ በእጅዎ ይዘው አይሂዱ። ከቤቷ ደጅ ቡና ያሰጣች እናት ካገኙ ግን ከሱቅ ይልቅ ከእርሷ ይግዙ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ነጠላ ለብሰው፣ ጫማዎን አውልቀው ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ያለ አስጎብኚ ገለጻ አንድ ጊዜ መቅደሱን ይዙሩ። ሥዕሎቹ በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ስለሆኑ፣ እርስዎ የሚቆሙት በቅድስቱ ውስጥ ነው፤ ብርሃኑም በደጆቹ በኩል ስለሚገባ በጠዋት የምሥራቁ ወገን ይደምቃል። በሁለተኛው ዙር የሥዕሉን ቋንቋ ለማንበብ ይሞክሩ። ጻድቅ የሆነ ሁሉ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ሆኖ በሙሉ ፊት ይሣላል፤ ክፉ የሆነው በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። ይህን አንድ ሕግ ብቻ የያዘ ሰው ታሪኩን ባያውቅ እንኳ በዚያ ሕዝብ መካከል ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። ቀጥሎ በላዔ ሰብእን ይፈልጉት። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ በፍርድ ሚዛን ላይ ያቺ ውሃ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍባት ከኃጢአቱ በልጣ ስትመዝን ይታያል። ሦስተኛውን ዙር ከአስጎብኚው ወይም ከአባቶች ጋር ያድርጉት፤ ያን ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ስላለዎት የሚነገርዎት ሁሉ ቦታ ያገኛል። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፣ በብልጭታ መብራት ግን ፈጽሞ አያንሡ፤ የቆየ ቀለም ነው።

ከዚያ በእግር ወደ አዝዋ ማርያም መውረድ ይቻላል። ሁለቱን ካዩ ለቀኑ ይበቃል። ሴት ተጓዦች ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው መሆኑን አስቀድመው ይወቁ፤ እስከ ወደቡ ሄደው ጀልባ ውስጥ ሲጠብቁ የዋሉ ሰዎችን አይቻለሁ፣ ይህም ጀልባውን ያከራያቸው ሰው ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነበር። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሁሉም ክፍት ነው።

ሦስተኛው ቀን ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ማየት ነው። በማለዳ ወደ ደብረ ማርያም ይሂዱ፤ ደሴቲቱ ለከተማው በጣም ቅርብ ስለሆነች በታንኳ ለመሻገር የምትመች እርሷ ናት። ታንኳ ላይ ሲቀመጡ በመካከል ዝቅ ብለው እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፣ ቀዛፊው ሳይነግርዎት አይነሡ። ውሃው ከሥር ቢያርስዎት ታንኳው የተበላሸ አይደለም፤ የደንገል ተፈጥሮ ውሃ መምጠጥ ነውና ባለታንኳው ከሥራ ሲመለስ አውጥቶ በዛፍ ላይ አስደግፎ ያደርቀዋል። በታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ ሥራቸውን ማየት ከፈለጉ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፣ ለጊዜያቸውም ይክፈሉ። ደንገሉ እንደ ቀድሞው በየዳርቻው የማይገኝ በመሆኑ አንድ ታንኳ ለመሥራት ዛሬ የሚደረገው ፍለጋ ቀላል አይደለም።

ዓባይ በሚወጣበት በኩል ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ጀልባ ነጂው እንዲርቅ ይንገሩት፤ ጉማሬ ከሩቅ ሆነው ሊያዩት የሚገባ እንስሳ ነው። እዚህ ላይ የአገሩ ሰው አንድ ነገር ይነግርዎታል፦ ከሰከላ የሚመጣው ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ አልፎ በዚህ በኩል ይወጣል። ውሃው በእርግጥ ይቀላቀላል፤ ነገር ግን በክረምት ደለል የተሸከመው የወንዙ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ሩቅ ድረስ በቀለሙ ተለይቶ ስለሚታይ፣ አባባሉ ከዓይን ምስክርነት የተወለደ ሳይሆን አይቀርም። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ወንዙ አንድ ማደሪያ በጣና እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጡ። በላዩ ያለው ቤተ መንግሥት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቀረ ነው፤ የሚኬደው ግን ለእይታው ነው። በስተሰሜን ሐይቁ፣ ከሥር ዓባይ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይም ከዚያ ይታያል። ሳይጨልም ለመውረድ መመለሻ ባጃጅዎን እንዲጠብቅዎት ይያዙት።

አራተኛና አምስተኛ ቀን ላለው ሰው የሰሜኑ ዳርቻ ይቀራል። የደቅ ደሴት፣ በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራችው ናርጋ ሥላሴ፣ የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ የነበረችው ጎርጎራ በዚያ መንገድ ናቸው፤ ወደዚያ የሚሄደው መርከብ መነሻ ቀን ስለሚለዋወጥ ወደቡ ላይ ራስዎ ሄደው ይጠይቁ። በሰሜንና ምሥራቅ በኩል ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታየውን፣ እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ያገኙታል። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፣ ግን አይቁረጡ፣ ለመታሰቢያም አይያዙ። አረሙ ከአንዲት ቁራጭ ግንድ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በእምቦጭ መካከል ያለፈ ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ከመመለሱ በፊት ሞተሩ፣ መልሕቁና ገመዱ እንዲታይ፣ የተጠለፈውም ቅጠልና ሥር ተለቅሞ ከውሃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ እንዲጣል ነጂውን ይጠይቁት፤ አብረውትም ይልቀሙ።