በጣና ዳር የመስኖ ፓምፕ ላይ የሚዋዥቅ ቶርክን ለንዝረት ስሌት እንዴት እናስገባ?

በጣና ዳር ለመስኖ የሚተከል ባለአንድ ሲሊንደር ዲዝል ሞተር ፓምፑን በእኩል የማዞር ኃይል (ቶርክ) አያዞረውም። ባለአራት ምት ስለሆነ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ይተኩሳል፤ በቀረው ጊዜ የሚያዞረው ፍላይዊሉ፣ ማለትም ከባዱ ተሽከርካሪ ዲስክ ነው። በአማካይ ቶርክ ብቻ የተሠራ ስሌት ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኘው የመጋጠሚያው ጎማ ለምን ያለጊዜው እንደሚሰነጠቅ አያሳይም።

ሞዴሉን በሁለት አካል ይጀምሩ፤ በአንድ ወገን ፍላይዊልና ክራንክሻፍት (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)፣ በሌላው የፓምፑ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ)፣ መሃል ላይ የጎማው መጋጠሚያ። ለምሳሌ የሞተሩ ኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን የመቃወም መጠኑ) 1.2፣ የፓምፑ 0.15 ኪሎግራም ሜትር ካሬ፣ የመጋጠሚያው ጥንካሬ በራዲያን 3000 ኒውተን ሜትር ይሁን። የሁለቱ ኢነርሺያ ብዜት ለድምራቸው ሲካፈል 0.133 ነው፤ 3000 ለዚህ ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ በሰከንድ 150 ራዲያን፣ ማለትም 23.9 ኸርትዝ ይመጣል፤ ሁለቱ አካላት በራሳቸው የሚወዛወዙበት ድግግሞሽ ይህ ነው። በደቂቃ 1500 ዙር ደግሞ 25 ኸርትዝ ነው። ልዩነቱ 5 በመቶ አይሞላም፤ የሞተሩ ምት ከዚህ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ስለሚያድግ አደገኛ ቦታ ነው።

ቶርኩን በጊዜ ሳይሆን በክራንክ አንግል ሰንጠረዥ ያድርጉት። በጊዜ የተጻፈ ቶርክ ፍጥነቱ እንደማይለወጥ አስቀድሞ ይወስናል፤ ሞተሩ ሲነሳ ወይም ፓምፑ አየር ሲስብ ፍጥነቱ ይለወጣል፣ ምቱ ግን በድሮው ሰዓት መምጣቱን ይቀጥላል። ሰንጠረዡ ከ0 እስከ 720 ዲግሪ በየ1 ዲግሪው ይሂድ። 360 ላይ ካጠፉት ሞተሩ በየዙሩ የሚተኩስ ይመስላል፣ በሁለት ዙር አንዴ የሚመጣው የ12.5 ኸርትዝ ምትም ጨርሶ ይጠፋል። የ720 ዋጋ ከ0ው ጋር ካልገጠመ ደግሞ በየዑደቱ በማሽኑ ላይ የሌለ ዝላይ ይፈጠራል።

ቁጥሮቹ የሚመጡት ከሲሊንደር ግፊት ነው። ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት በፒስተኑ ስፋት፣ በክራንኩ ክንድና በየአንግሉ በሚለዋወጠው የማዞሪያ ድርሻ ያባዙ። የፒስተኑና የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ዘንግ) መመላለስ የሚያመጣው ቶርክ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ለብቻው ተሰልቶ ይደመር። በባሕር ወለል ላይ የተለካ የግፊት ኩርባ እንዳለ አይወሰድ፤ ጣና ከ1780 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ቱርቦ በሌለው ሞተር የመጭመቂያው ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የጭነት መቀነስ ነው። ጭነቱ ግማሽ ሲሆን ሙሉውን ኩርባ በ0.5 ማባዛት ስህተት ነው። ገቨርነሩ (የሞተሩ ፍጥነት ተቆጣጣሪ) የሚቀንሰው ነዳጁን ነው፤ ዲዝል ሞተር የሚስበው አየር ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ መጭመቁና ተመልሶ መግፋቱ እንዳለ ይቆያል። ኩርባውን ለሁለት ይክፈሉት፤ ያለ ነዳጅ የሚኖረው ግፊትና ቃጠሎው በላዩ የጨመረው። በጭነት የሚባዛው ሁለተኛው ብቻ ነው። አለዚያ ሞዴሉ በትንሽ ጭነት ማሽኑ ጸጥ ያለ ነው ይላል፤ በእውነቱ ግን አማካዩ ወርዶ የመጭመቁ ምት ስለሚቀር ቶርኩ ዜሮን እያቋረጠ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ሊመታው ይችላል።

አማካዩን ይፈትሹ፤ 6 ኪሎዋት በ1500 ዙር 38.2 ኒውተን ሜትር ነው። የፓምፑ ጭነት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይሂድ፤ በሰከንድ ራዲያን ሲሰላ አባዡ 0.00155 ነው። ጭነቱ ቋሚ ቁጥር ከሆነ ጥቂት የአማካይ ልዩነት ዘንጉን እያፈጠነ ይወስደዋል ወይም ያቆመዋል።

የስሌት እርምጃው 0.1 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ቶርኩ በአንዴ አይለቀቅ፣ በ1 ሰከንድ ቀስ እያለ ይነሳ። ለድግግሞሽ ትንተና ልክ 50 ዑደት፣ ማለትም 4 ሰከንድ ይውሰዱ።

ከዚያ ፍጥነቱን እየለወጡ የመጋጠሚያውን ከፍተኛ ቶርክ ይሳሉ፤ ጉብታው 1430 ዙር አካባቢ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጠንካራ መጋጠሚያ መግዛት ነው። ጥንካሬው 6000 ቢሆን ግን በሁለት ዙር ሦስት ጊዜ የሚመጣው ምት 1350 ዙር ላይ ይገጥማል፤ አሁንም ቅርብ ነው። 1500 ጥንካሬ ያለው ለስላሳ ጎማ ይሻላል፤ በዙር አንዴና በሁለት ዙር አንዴ የሚመጡት ምቶች ጉብታዎች 1013 እና 2026 ዙር ላይ ይወጣሉ፣ የሥራው ፍጥነትም ከሁለቱ መሃል ይቀመጣል። ሲነሳ ብቻ 1013ን ሳይቆም በፍጥነት ይለፈው።