አዳማ ሙቀት ላይ ለምታጠቡ፦ ውሃውን ለእናትየው፣ ጡቱን ለልጁ

ጡት ማጥባት ጥሩ እንደሆነ ማንም አይከራከርም፣ ግን አዳማ ሙቀቱ ሲበረታ ያው ሰው ሁሉ "ልጁ ጠምቶታል እኮ፣ ትንሽ ውሃ አቅምሺው" ማለት ይጀምራል፣ አያትም ጎረቤትም፣ አንዳንዴ ባልየውም ጡጦ ገዝቶ ከች ይላል። እስከ 6 ወር ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም። የጡት ወተት ከ100 እጅ 87ቱ ውሃ ነው። ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፣ ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ውሃውን አንቺ ጠጪ። አጥሚቱም አይቅርብሽ።

ውሃ ሆዱን ከሞላው ጡት ይቀንሳል፣ ጡት ደግሞ የሚያመርተው በተጠባው ልክ ስለሆነ "ወተቴ ደረቀ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ተቅማጡም አለ። ሌላው እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ ወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ለምን እንደሚበልዝ ታውቃላችሁ፣ ፍሎራይድ ነው፣ ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም። የዱቄት ወተት በእንደዚህ አይነት ውሃ ከተበጠበጠ ቀጥታ ልጁ ጋ ይገባል፣ አንቺ ብትጠጪው ግን ወደ ጡትሽ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

አጀማመሩ ላይ፦ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫ ወፈር ያለው እንገር እንዳይደፋ፣ ትንሽ ይመስላል እንጂ የመጀመሪያ ክትባቱ በሉት፣ ያንን ጥቁር ካካም ያስወጣለታል። ቅቤ ማስላስ፣ ስኳር ውሃ ምናምን ይቅር (አያቶች እንዳትቆጡ)። ሲይዝ ጫፏን ብቻ ከሆነ ያቆስልሻል፣ አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂና ጥቁሩን ክፍልም ጨምሮ ይጉረስ፣ አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ ሆዱ ከሆድሽ ጋር ይግጠም። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቂውና እንደገና አስይዢው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ጠገበ አልጠገበ ብለሽ ከተጨነቅሽ ዳይፐሩን እዪ፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 እና ከዛ በላይ ከሸና ወተቱ እየደረሰው ነው።

ለእናትየዋ ደግሞ፣ ልጁ ሲጠባ ማህፀን ስለሚኮማተር ደም መፍሰሱ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ቀናት ላይ ሆድሽን የሚቆርጥሽ እሱ ነው አትደንግጪ። የጡትና የእንቁልጢ ካንሰርም ስኳርም የመያዝ እድልሽ ይቀንሳል። እርግዝና ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው ግን ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ፦ ልጁ ከ6 ወር በታች፣ ወር አበባ ያልመጣ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ። አንዷ ከጎደለች ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ መከላከያ ያዢ።

ሥራ የምትመለሱ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ልጁ ገና 3 ወሩ። ስለዚህ ማለብ ልመጂ፣ በእጅም ይሆናል ፓምፕ ግድ አይደለም፣ እጅሽን ታጥበሽ ንጹህ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ። የታለበው ወተት ከፍሪጅ ውጪ 4 ሰዓት ይቆያል የሚባለው ሙቀቱ እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ አዳማ ከሰዓት በኋላ ይሄን አትመኚው፣ ቶሎ ፍሪጅ አስገቢ፣ እዛ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ከሞቀ ድፊው፣ ያንገበግባል ግን ድፊው። ስታሞቂው እሳት ላይ ሳይሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ፣ ልጁን የምትጠብቀው ሞግዚት ደግሞ በጡጦ ሳይሆን በስኒ ታጠጣው።

ጡትሽ ቀልቶ፣ ጠጥሮ ትኩሳት ካመጣብሽ በጊዜ ታከሚ፣ ሐኪሙ ተዪ ካላለሽ በስተቀር በታመመውም ጡት ማጥባቱን አታቁሚ፣ ወተቱ ከተጠራቀመ ይብስብሻል።