ቤዝ ሲመታ የሚጠፋው አምፕሊፋየር፦ ችግሩ ኔጌቲቩ ላይ ነበር

የመኪናው ሞተር እየሠራ፣ ቤዝ እየመታ ሲለካ ባትሪው ላይ 12.9 ቮልት፣ 1000 ዋቱ አምፕሊፋየር ላይ ግን 10.4 ብቻ። ከጎደለው 2.5 ቮልት 1.9ኙ በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ መካከል ተገኘ። ምክንያቱ ከአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ ወደ መኪናው ቦዲ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ያውም ቀለም ላይ የታሰረ።

ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ተፋቀ፤ 50 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ የመዳብ ገመድ በራሱ ቡሎን ታሰረ (የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን አይነካም)፤ ዝገት እንዳይዝ ግራሶ ተቀባ። ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ፣ ከዲናሞ ወደ ባትሪ የሚሄዱትም በዚሁ ውፍረት ተቀየሩ። ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ፖዘቲቭ ገመድ ላይ 150 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ገባ።

አሁን የሚጎድለው 0.4 ቮልት ነው። ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያከማች ዕቃ) መጨመር እንዲህ ያለውን የሽቦ ችግር አያድንም፤ ኃይል አያመነጭምና። ባትሪው ራሱ ከ12.5 በታች እየወረደ ከቆየ ግን ዲናሞው አንሷል።