ሰው ሲሠራ እያዩ መማር፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አብዛኛው ሙያ የሚወረሰው በዓይን ነው። ጋራዥ የገባ ተለማማጅ ዋናው መካኒክ ሲፈታና ሲገጥም ያያል። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ ስፌት ታያለች። የሠርግ ቤት ጭፈራውንም ማንም ትምህርት ቤት አስገብቶ አላስተማረንም፤ እያየን ነው የያዝነው። ስለዚህ ሰው ሲንቀሳቀስ ስናይ አንጎላችን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል። በተለይ ለሚያሠለጥን፣ ሙያ ለሚያስተምር ወይም በሽተኛ ለሚያስታምም ሰው። ከዚህ በታች የጠቀስኳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ቆሞ ከማየት ምን ይገኛል?» ማለት

ተለማማጅ ዝም ብሎ ሲያይ «ምን ይገትርሃል? መፍቻ አቀብል!» ይባላል። የልጁ አንጎል ግን ሥራ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ፣ ፓርማ ከተማ፣ ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ የጦጣ አንጎል ሲያጠኑ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ጦጣዋ ምግብ ስታነሳ የሚነቁ ነርቭ ሴሎች፣ ሰው ምግቡን ሲያነሳ ስታይም ነቁ። እጇ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እነዚህ ሴሎች በኋላ «የመስታወት ነርቮች» ተባሉ። በ1995 ደግሞ በሰው ላይ ተሞከረ። እንቅስቃሴ የሚያዘውን የአንጎል ክፍል በማግኔት ሲቀሰቅሱት፣ ሌላ ሰው ዕቃ ሲይዝ እያየ ያለ ሰው የእጁ ጡንቻ ከወትሮው ጠንከር ያለ ምላሽ ሰጠ።

ስለዚህ ልጁ ይይ። ግን እጃችሁ በደንብ ከሚታየው ቦታ ይቁም። ከጀርባችሁ ቆሞ ሸሚዛችሁን ካየ ምንም አልተማረም።

ብዙ ያየ ሁሉ ያውቃል ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በ2005 የወጣ ጥናት «ባሌ» (ballet) የሚባለውን የፈረንጆች የመድረክ ጭፈራ የሚደንሱትን፣ ካፖኤራ የሚባለውን የብራዚል ውዝዋዜ የሚጫወቱትንና ምንም ያልሠለጠኑ ሰዎችን አንጎል መረመረ። ሁሉም ያዩት አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው። የዳንሰኞቹ አንጎል ይበልጥ የነቃው ራሳቸው የሚችሉትን እንቅስቃሴ ሲያዩ ነበር።

አንድ ሰው «ያው ብዙ ስላዩት ነው» ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተመራማሪዎቹም አስበውበታል። በባሌ ውስጥ ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ የሚሠሯቸው እንቅስቃሴዎች አሉ። አብረው ስለሚለማመዱ ግን አንዱ የሌላውን በየቀኑ ያያል። በ2006 ይሄ ሲፈተሽም ምላሹ የበረታው ራሳቸው በሚሠሩት ላይ ነው። ማየት ብቻውን ያንን አላመጣም።

የ2008ቱን ደግሞ ስሙ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነፃ ውርወራ ሲወረውር የሚያሳይ ቪዲዮ መሐል ላይ እየተቆረጠ ታየ፤ ኳሱ ይገባል ወይስ አይገባም? ጎበዝ ተጫዋቾቹ አሠልጣኞችንና የስፖርት ጋዜጠኞችን በለጡ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨዋታ ሲያዩ የኖሩ ናቸው! ተጫዋቾቹ ግን ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ፣ ከሰውነት አኳኋኑ ብቻ ፍንጭ ያገኙ ነበር።

ወደ እኛ ልመልሰው። ወሎ ተወልዶ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ያደገ ልጅና ሌላ ቦታ ያደገ እንግዳ አንድ ጭፈራ እኩል አያዩትም። እንግዳው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ያያል። የእኛው ልጅ ትንፋሹ የት እንደተያዘ፣ አንገቱ መቼ እንደሚዞር ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ውዝዋዜ የምታሠለጥኑ፣ እንዲህ እመክራለሁ፦ ጀማሪውን ረጅም ሰዓት አስቀምጣችሁ አታሳዩት። ትንሽ ይይ፣ ተበላሽቶም ቢሆን ይሞክረው፣ ከዚያ እንደገና ይይ። ሁለተኛው ማየት ከመጀመሪያው በጣም ይለያል።

ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶ «ችዬዋለሁ» ማለት

ቲክቶክ ላይ አንድ እስክስታ አሥር ጊዜ ያየ ሰው የቻለው ይመስለዋል። በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። ሰዎች ዕቃ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ መንጭቆ ማውጣትን ወይም ሙንዎክ የሚባለውን የማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ የመንሸራተት ጭፈራ ደጋግመው ሲያዩ፣ እንችላለን የሚለው እምነታቸው ጨመረ። ሲሞክሩት ግን አንዴ ብቻ ካዩት አልተሻሉም። ልጆቻችሁን ቪዲዮውን አቁመው ወዲያው እንዲሞክሩ ንገሯቸው።

ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ማሳየት

ፊት ለፊት ስትቆሙ ቀኛችሁ ለተማሪው በግራ በኩል ነው። መገልበጥ አለበት፤ ያ ራሱን የቻለ ድካም ነው። ሰው እንቅስቃሴን ከራሱ ዓይን አቅጣጫ ሲያየው ቶሎ ይቀዳዋል፤ የአንጎሉ የእንቅስቃሴ ክፍሎችም የበለጠ ይሳተፋሉ። ስፌትና ልብስ ስፌት ስታስተምሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እጅን አሳይቶ ዓላማውን መደበቅ

አንጎል የሚከታተለው የጣትን አካሄድ ብቻ አይደለም፤ «ለምን?» ይላል። በ2001 በወጣው የፓርማ ጥናት ጦጣዎቹ ምግብ ከመጋረጃ ጀርባ ሲቀመጥ አዩ። ከዚያ የሰው እጅ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። መያዙ ባይታይም ከተፈተሹት ሴሎች ብዙዎቹ ነቁ። ከጀርባው ምንም እንደሌለ ካወቁ ግን ዝም አሉ። በ2005 ደግሞ አንዳንድ ሴሎች ምግብ ለመብላት ሲነሳና ወደ ዕቃ ለመክተት ሲነሳ የተለያየ ምላሽ እንዳላቸው ታየ። አነሳሱ ተመሳሳይ፣ ዓላማው ግን የተለየ ነው።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ላለው ተለማማጅም ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት ምን ልታወጡ እንደሆነ ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁሉን ነገር በመስታወት ነርቭ ማስረዳት

ርኅራኄም፣ ማዛጋትም፣ ኦቲዝምም «የመስታወት ነርቭ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ሳይንሱ እዚያ አልደረሰም። በተለይ ኦቲዝም የሚመጣው እነዚህ ነርቮች ስለተበላሹ ነው የሚለው ሐሳብ በቂ ማስረጃ የለውም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን በዚህ ወሬ ባናደክማቸው ጥሩ ነው።

ስትሮክ የመታውን ሰው ከማየትም ከመሥራትም ማራቅ

ብዙ ቤት የምናየው ነገር ነው። እናት እጃቸው ሲሰንፍ «አብሽሪ፣ አንቺ አትንኪ» ብለን ሁሉን ከፊታቸው እናነሳለን። በፍቅር ነው፤ ግን ይጎዳል። በ2007 በወጣ ጥናት እጃቸው የደከመ የስትሮክ ታማሚዎች የዕለት ተዕለት ሥራ በቪዲዮ እያዩ፣ ያዩትን ሲለማመዱ፣ ቪዲዮውን ሳያዩ ከተለማመዱት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ቁልፉ ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። ቪዲዮ ብቻ ከፍቶ መተው ሕክምና አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቱን አማክራችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ። ባዶ ሲኒ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ወደ አፍ አምጡ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ። ደግማችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ በደከመው እጃቸው የቻሉትን ያህል እሳቸው ይሞክሩ። ጣታቸው ሲኒውን ባይይዝም ሙከራው ይቆጠራል። ትከሻቸውን ካመማቸው ግን አቁሙና ለባለሙያው ንገሩ።