«ናይስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ታሪክ እንዴት መመርመር ይቻላል

ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያወረደ የጎጃም ሰው አንድ ቃል ዘሩና እርባው ሳይታወቅ ተፈታ እንደማይባል ይረዳል። ይህንኑ ልማድ በእንግሊዝኛ ለመሞከር ለሚፈልግ ከ«ናይስ» የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም። ጀማሪ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ቅጽል ነው፤ የተነሣበት ትርጉም ግን ዛሬ ከሚሰጠው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

በቅድሚያ ቃሉን የሰሙባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በደብተር ይጻፉ። ቀጥሎ መዝገበ ቃላት ይምረጡ። የስልክ መተርጎሚያ «ጥሩ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ የኪስ መዝገበ ቃላትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የሚያስፈልገው የቃሉን አመጣጥ ጭምር የሚያሰፍር፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ አሮጌ መሆኑ አያስነቅፈውም።

አስቸጋሪው ደረጃ ትርጉሞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ መለየት ነው። ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚሠራበትን ትርጉም ያስቀድማሉ። በታሪክ ቅደም ተከተል የተሰናዱት ግን፣ ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ እየታተመ የተጠናቀቀው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እንደሚያደርገው፣ ጥንታዊውን ያስቀድማሉ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1ኛ ተራ የተጻፈው ፍች ከተቀበረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያመለክተው ከጎኑ የምትቀመጥ፣ «የቀረ» ማለት የሆነች አጭር ምልክት ብቻ ናት።

ያችን ምልክት ባለማየቴ ደብረ ማርቆስ ሳስተምር አፍሬአለሁ። አንዲት ተማሪ አክስቷን «ናይስ» ብላ ብትገልጻት፣ ወፍራሙን መጽሐፍ ገልጬ በ1ኛ ተራ «ሞኝ፣ አላዋቂ» የሚል ስላገኘሁ ቃሉን በቀይ ሰረዝኩባት፤ ለክፍሉም በዚህ ቅጽል ሰው እንዳያመሰግኑ አስጠነቀቅሁ። በማግሥቱ የራሷን መዝገበ ቃላት ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ የእኔ 1ኛው ደስ የሚል ይላል» አለችኝ። ሁለቱም መጻሕፍት ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፉን መግቢያ ሳላነብ ቁጥር አላምንም።

ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ ሥሩን መፈለግ ቀላል ነው። በላቲን «ስኪሬ» ማወቅ ነው፤ አፍራሹ «ኔ» ሲቀድመው «ኔስኪዩስ»፣ ማለትም አላዋቂ የሚለው ቃል ይገኛል። ይህ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሞኝን የሚገልጽ «ኒስ» ሆነ፤ በ1066 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ በዚያች አገር ተስፋፍቶ ስለነበር በ1300 አካባቢ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታየ። «ሳይንስ»ም የዚያው የ«ስኪሬ» ዘር ነው፤ አላዋቂውና ዕውቀቱ ዘመዳሞች ናቸው።

አሁን ትርጉሞቹን በዘመናቸው ወደ ታች ይጻፉ፦ ሞኝ፣ ዐይን አፋር፣ ነገር የማይጥመው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጠንቃቃና ረቂቅ፣ በ18ኛው ደስ የሚል፣ በ19ኛው ደግ። ድልድዩ የት እንደሆነ ያስተውሉ፤ ሁሉን የማይቀበል መራጭ ሰው ጥቃቅኑን ልዩነት ይለያል፣ የተመረጠ ነገርም ደስ ያሰኛል።

በተቃራኒው የሄደውን «ሲሊ» በዚሁ መንገድ ቢሞክሩት መልካም ነው፤ ብፁዕ ከማለት ተነሥቶ፣ በየዋህና በምስኪን አልፎ ሞኝ ላይ አርፏል። የጀርመንኛ ዘመዱ «ዜሊግ» ግን ዛሬም ብፁዕ ነው። በግእዝ ወንጌል «ብፁዓን የዋሃን» የተባለላቸውን እኛስ ዛሬ «የዋህ ነው» ስንል ግማሹ ትርጉም ሲታለል ዝም የሚል ማለት አይደለምን?

በመጨረሻ ዝርዝሩን በሕያው ጽሑፍ ይፈትኑት። የሕግ ወይም የፍልስፍና ጸሐፊ ሁለት ሐሳቦችን ለይቶ ልዩነታቸውን «ናይስ» ቢለው ያማረ ማለቱ አይደለም፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም በዚያ ቦታ አልሞተም፣ በአማርኛም «ረቂቅ» ተብሎ ይተረጎማል።